እባቡ ለምን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል? የቦል ፓይተን ሙቀትና እርጥበት፦ ችግርና መፍትሄ

ልጄ በ12 ዓመቱ «እባብ ላሳድግ» ሲለኝ የሰጠሁትን መልስ አንባቢ ይገምተው። ከአንድ ዓመት ሙግት በኋላ ግን ተሸነፍኩና ዴንቨር ወደሚገኘው ቤታችን አንድ ቦል ፓይተን ገባ። መልኩ ዳማ ስለሆነ ዳማ ብለን ጠራነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል እስከ ዛሬ «ያ ነገር አለ?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ ስሙን አታነሳም።

ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ዘንዶ ነው፤ ለገበያ በብዛት ሲላክ የኖረውም ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። በትውልድ አገሩ ቀኑን የሚያሳልፈው አይጥ በማሰው ጉድጓድ ወይም በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ ይወብቃል። ዴንቨር ደግሞ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ያለች፣ አየሯ ደረቅ፣ በክረምት የቤት ማሞቂያ ቀን ከሌት የሚነፋባት ከተማ ናት። እባብ አይጮኽም፣ አያለቅስም። በረደኝ ወይም ደረቀብኝ የሚለው በቆዳው፣ በትንፋሹና በሚተኛበት ቦታ ነው።

ልኩ ይህ ነው። እባቡ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን ሞቃት ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ25 እስከ 27፣ ሌሊት ከ22 በታች እንዳይወርድ። አሜሪካ የሚሸጡ መሣሪያዎች በፋራናይት ስለሚያሳዩ፣ ሞቃቱ ከ88 እስከ 91፣ ቀዝቃዛው ከ77 እስከ 80 ግድም ይሆናል። እርጥበቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ፤ ቆዳ በሚቀይርበት ሰሞን ወደ ላይኛው ጠርዝ ቢጠጋ ይሻላል። በሁለቱም ጎን አንድ አንድ መደበቂያ ያስፈልጋል። መደበቂያው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከመሸሸግ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው መሸሸግን ነው።

ከሁሉ በፊት፦ መለኪያው ራሱ ይዋሽ ይሆን?

መስታወት ላይ የሚለጠፉት ባለ መርፌ ክብ መለኪያዎች ርካሽ ናቸው፤ ዋጋቸውንም ያህል ይሠራሉ። የእኛው በበጋም በክረምትም 60 በመቶ ያሳይ ነበር። እኔም እርጥበቱ ተስተካክሏል ብዬ ለወራት ስኮራ ኖርኩ። የዳማ ቆዳ ተቆራርጦ መውጣት ሲጀምር መለኪያውን በጨው ፈተንኩት።

ፈተናው ቀላል ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን በገበታ ጨው ይሙሉና ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩ፤ ጨው መሟሟት ሳይሆን እርጥብ አሸዋ መምሰል አለበት። ክዳኑንና መለኪያውን አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽገው ሌሊቱን በክፍሉ ሙቀት ያሳድሯቸው። በዚህ ሁኔታ በከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ እርጥበት ይይዛል። መለኪያው 70 ካለ አምስት እየደመሩ ያነብባሉ ማለት ነው። የእኛው ከረጢት ውስጥም 60፣ ከከረጢቱ ከወጣ በኋላ ደረቅ ጠረጴዛ ላይም 60 አለ። መርፌው ተጣብቆ ኖሯል። በምትኩ መዳሰሻው በገመድ የሚወጣ ዲጂታል መለኪያ ገዛን፤ እውነተኛው ቁጥር 34 ሆኖ ተገኘ።

ምልክት፦ ቆዳው ተቆራርጦ ይወጣል፣ ጅራቱ ጫፍና ዓይኑ ላይ ይቀራል

ጤነኛ ቦል ፓይተን ቆዳውን የሚያወልቀው እንደ ካልሲ ገልብጦ፣ በአንድ ቁራጭ ነው። ከተቆራረጠ በአብዛኛው ምክንያቱ ድርቀት ነው።

ድርቀቱ የመጣው ደግሞ ከሙቀቱ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። አየር ሲሞቅ ተን የመያዝ አቅሙ ስለሚጨምር በውስጡ ያለው ተን ባይቀንስም አንጻራዊ እርጥበቱ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ 40 በመቶ እርጥበት ያለው የሳሎን አየር በሳጥኑ ውስጥ 32 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሙቀቱን ለማስተካከል ትልቅ አምፖል የጨመረ ሰው ሳያውቀው እርጥበቱን አባርሯል። የሽቦ ወንፊት ክዳን ካለ ደግሞ የሞቀው አየር ጥቂቱን እርጥበት ይዞ በላይ ያመልጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ክዳኑ ነው። ከአምፖሉ ሥር ካለው ቦታ በስተቀር የወንፊቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በተቆረጠ ፕላስቲክ ሰሌዳ ይሸፍኑ። አየር መግቢያ ግን ክፍት ይተዉ። እኛ ቤት ይህ ብቻውን በሁለት ቀን 34ቱን ወደ 48 አወጣው።

ቀጥሎ ጉዝጓዙ ነው። ጋዜጣና የወረቀት ፎጣ እርጥበት አይዙም። የኮኮናት ቃጫ ወይም የኮኮናት ልጥ ቁርጥራጭ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ቢነጠፍ ውሃውን ውጦ ቀስ እያለ ይተፋዋል። የጥድ ፍቅፋቂ ግን ይራቅ፤ ሽታው ለእኛ ደስ ቢለንም ዘይቱ እባብን ይጎዳል። ውሃውን በሳጥኑ በየማዕዘኑ በኩል ወደ ጉዝጓዙ ሥር ያፍስሱት፤ ታችኛው ክፍል ይረጥባል፣ እባቡ የሚተኛበት ላዩ ይደርቃል። መርጫ ጠርሙስ ይዞ ጠዋትና ማታ መንፋት አድካሚ ነው፤ ቁጥሩ ለአንድ ሰዓት ወደ 80 ይዘልና ተመልሶ ይወድቃል። ሦስተኛው እርጥብ መደበቂያ ነው፦ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ጎኑን በስቶ፣ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ተክል) መሙላት። የእባቡ ዓይን ወደ ሰማያዊ ሲደበዝዝ ቆዳ ሊቀይር ነውና ያን ጊዜ ያስገቡለት።

ቆዳው አሁን ቀርቶበት ከሆነ፣ 29 ዲግሪ ያህል በሆነ ለብ ያለ ውሃ ከሰውነቱ ውፍረት በማይበልጥ ጥልቀት ለ20 ደቂቃ ያቆዩት፤ ዘወር አይበሉበት። ከዚያ በእርጥብ ፎጣ መካከል ራሱ እየተሳበ ይውጣ፤ ፎጣው ይገፍፍለታል። በጥፍር መላጥ አይገባም። በተለይ ዓይኑ! እባብ ዓይነ ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ግልጽ ቅርፊት አብሮ ነው የሚወልቀው። እሱ ከቀረ እርጥበቱን አስተካክለው የሚቀጥለውን ቆዳ ይጠብቁ፤ ያን ጊዜም ካልወጣ የእንስሳት ሐኪም ያውጣው።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ይተኛል

አንድ ቀን ቢነከር ምንም አይደለም። ሦስት አራት ቀን ከደጋገመው ሦስት ነገር ይጠርጥሩ፦ ሙቀት በዝቷል፣ አየሩ ደርቋል፣ ወይም ቅንቅን የሚመስሉ ጥቃቅን ተባዮች ይዘውታል። መጀመሪያ የቀዝቃዛውን ጎን ሙቀት ያንብቡ። 29 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መሸሻ አጥቶ ነው ውሃ የገባው፤ የአምፖሉን ዋት ይቀንሱ ወይም ሳጥኑን ከመስኮት ፀሐይ ያርቁ። ቁጥሮቹ ልክ ከሆኑ እባቡን በነጭ የወረቀት ፎጣ ጠረግ አድርገው ይዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ፎጣው ላይ ከተገኘ፣ ወይም ውሃው ውስጥ ሰምጦ ከታየ፣ ጉዳዩ ከሙቀት ወጥቶ ወደ ሐኪም ሄዷል።

ምልክት፦ ሆዱ ላይ ቀይ ወይም ያረረ ቦታ

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ቃጠሎ ነው። እባብ ሆዱን የሚያቃጥል ነገር ላይ ተኝቶ ላይነሳ ይችላል፤ «ቢሞቀው ይነሳ ነበር» የሚለው ግምት ብዙ እባብ አስጠብሷል። ከሳጥኑ ሥር በውጭ የሚለጠፈው የማሞቂያ ምንጣፍ በቀጥታ ሶኬት ላይ ከተሰካ ገደብ አያውቅም፤ ሙቀቱን በመዳሰሻ እያነበበ የሚቆጣጠር ቴርሞስታት የግድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሞቁት ሰው ሠራሽ ድንጋዮች ደግሞ ጭራሽ አይገዙ።

ቴርሞስታት እያለም ይቃጠላል። እኛ ቤት ሆኗል። መዳሰሻው ከቦታው ተነቅሎ ከሳጥኑ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መሣሪያው የሳሎኑን 20 ዲግሪ እያነበበ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ሲያነድድ አደረ። ልጄ ጠዋት መስታወቱን በእጁ ነክቶ ባይደርስበት ዳማ ይጠበስ ነበር። ከዚያ ወዲህ መዳሰሻውን ከመስታወቱ ውጭ፣ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አጣብቀነዋል። ሳጥኑ ውስጥ የሚያጣብቅ ፕላስተር አይጠቀሙ፤ ከእባቡ ቆዳ ጋር ከተጣበቀ ሲላቀቅ ቅርፊቱን ይዞ ይመጣል።

በምንጣፉ ላይ የጉዝጓዙን ውፍረት ይቀንሱ፤ ወፍራሙ ሙቀቱን ከሥር ያፍናል፣ ቆፍሮ የሚገባ እባብ ደግሞ እሳቱን ያገኘዋል። የሳጥኑ እግር ትንሽ ከፍ ብሎ አየር ይግባበት። ባለ ጨረር የሙቀት መለኪያ ቢኖርዎ እባቡ በሚተኛበት ላይ አነጣጥረው ይለኩ። ቁስል ካለ ቅባት አይሞክሩ፣ ሐኪም ይየው።

ምልክት፦ የሆድ ቅርፊቱ ቡናማ ይሆናል፣ ውሃ ይቋጥራል

ይህ የተገላቢጦሹ ነው፦ ጉዝጓዙ ረጥቧል፣ ቆሽሿል። እርጥብ አየር እና እርጥብ መኝታ አንድ አይደሉም። መስታወቱ ቀኑን ሙሉ ሲያልበው ከዋለ፣ ሻጋታ ከሸተተ፣ ክዳኑን አብዝተው ሸፍነዋል። ጉዝጓዙን አውጥተው እባቡን ለጊዜው በንጹሕ የወረቀት ፎጣ ላይ ያኑሩት፤ ቅርፊቱ ካልዳነ ወደ ሐኪም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንዴ ሻጋታ ያየ ሰው ሁለተኛ ውሃ አላፈስም ይልና ወደ ተቆራረጠው ቆዳ ይመለሳል። ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ምልክት፦ ሲተነፍስ ያፏጫል፣ አፉ ላይ አረፋ

የመተንፈሻ አካል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጣጠሙ በቀላሉ ይመጣል። ሙቀቱን ወደ ትክክለኛው ልክ ይመልሱና ቀጠሮ ይያዙ። በቤት ውስጥ መድኃኒት አይታከምም።

ምልክት፦ አይበላም፣ ወይም የበላውን ይተፋል

ቦል ፓይተን በመጾም የታወቀ ነው፤ ክብደቱ እስካልወረደ ድረስ ወራት ቢያልፉም አይደንግጡ። መትፋት ግን ሌላ ነው። ከበላ በኋላ ሞቃት ቦታ ካላገኘ አይጡ ሆዱ ውስጥ አይፈጭም። ሞቃቱን ጎን ይለኩ፣ ያስተካክሉ፣ ሁለት ሳምንት ሳይመግቡ ያሳርፉት፤ ከዚያ ከቀድሞው ባነሰ አይጥ ይጀምሩ። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አለመንካትም ይረዳል። ድጋሚ ከተፋ ሐኪም።

ሌሊት ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ቀይ አምፖል አይግዙ፤ ብርሃኑ ይረብሸዋል። ብርሃን የማያወጣ የሴራሚክ ማሞቂያ፣ ከቴርሞስታት ጋር፣ እባቡ በማይደርስበት ከፍታ።

መብራት ሲጠፋ

ጥቂት ሰዓት ከሆነ ሳጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ይበቃል። ረዘም ካለ እባቡን በትራስ ልብስ ቋጥረው አየር በሚገባበት የፎም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት፤ አጠገቡ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በወፍራም ካልሲ ጠቅልለው ያስቀምጡ፣ ሲቀዘቅዝ ይቀይሩ። እስኪስተካከል አይመግቡ። ባለፈው በረዶ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ጠፍቶብን ዳማ እንዲህ ነው ያደረው፤ ሣጥኑን የሸፈንነው እናቴ በላከችው ጋቢ ነበር። ለማን እንደዋለ አልነገርናትም።