«ደም እመልሳለሁ» የሚል ልጅ ቤታችሁ ካለ

ቢቸና አካባቢ 26 ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ከሚጠሩት አንዱ ነኝ። ይህን የምጽፈው ልጁ ወይም ተማሪው ለበቀል ሲዘጋጅ እያየ መላው ለጠፋበት ሰው ነው።

መጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ሽብር ማለት እጁ የሌለበትን ሰው ገድሎ ሌላውን ማስፈራራት ነው። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ስደተኛ ወንድሞቻችንን ሲገድል ከነርሱ ጋር ጠብ አልነበረውም፤ የቀረጸው ቪዲዮውን ለምናይ ለእኛ ነው። «የእነ እገሌ ወገን ይሁን እንጂ ማንም ይሁን» ማለት የጀመረ ልጅ፣ የቱንም ያህል ተበድሎ ቢሆን፣ ወደዚያው መንገድ ገብቷል።

ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙ ሰው ድህነትና ሃይማኖት ይላል። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ግን የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በአፍሪካ ወደ ታጣቂ አክራሪ ቡድኖች በፈቃዳቸው የገቡ ሰዎች ሲጠየቁ 71 በመቶዎቹ የመጨረሻው ገፊ የመንግሥት እርምጃ ነበር አሉ፤ የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል ወይም መታሰር። 57 በመቶዎቹ ደግሞ የሃይማኖቱን መጽሐፍ እምብዛም አያውቁትም ወይም ጭራሽ አላነበቡትም። እኔም በዓይኔ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ሬሳ ይመጣል፣ ስብከቱ ኋላ ይደርሳል።

በእኛ አገር ደግሞ ሙሾ አለ። አንድ የ17 ዓመት ተማሪዬ ወንድሙ የተገደለ ዕለት ድንኳኑ አጠገብ ቆሞ ያለቅስ ነበር። አልቃሿ የሟቹን ሸሚዝ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በዚህ ቤት ወንድ የለም ወይ ብላ ግጥሙን አወረደችው። የልጁ እንባ እዚያው ቆመ። መንጋጋው ሲጠብቅ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ስሄድ አልቃሿን ቀድሜ አናግራታለሁ፤ ሟቹን አወድሺ፣ ልጁን አታነሣሺብን እላታለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። እስከ አርባው ድረስም ልጁን ብቻውን አትተዉት።

የሚጮኸውንና የሚያለቅሰውን ብዙም አልፈራም። ዝም ያለውን ነው የምፈራው። ይህ ልጅ በጉን ለእኅቱ ሰጠ፣ የተበደረውን ከፈለ፣ ለከርሞ ስለሚዘራው ማውራት ተወ። የድሮ ጓደኞቹን ሸሽቶ፣ ማንነታቸውን ከማናውቅ ሰዎች ጋር ሌሊቱን በስልክ ያወራ ጀመር። እንዲህ ካያችሁ ሳምንት አትጠብቁ።

አምስት ሽማግሌ ሆናችሁ ግን አትሂዱ፤ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ሲከበው ለፍርድ የቀረበ ይመስለዋል። የሚያከብረው አንድ ሰው ይሂድ። እኔ ጤፍ ሲያርም ደረስሁበትና አብሬው ጎንበስ አልሁ። «ወንድምህ ምን ይወድ ነበር?» አልሁት። «የገና ጨዋታ» አለኝ፤ የገና ዱላው እስከ ዛሬ ከበሩ በላይ እንደተሰካ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለ ወንድሙ አወራኝ። በዚያ ዕለት አንድም ምክር አልሰጠሁትም። አሸባሪ የሚለውንም ቃል ከአፌ አላወጣሁም፤ ያን ስም ከእናንተ የሰማ ልጅ የሚያስጠጋው ሰው ያው ስልኩ ውስጥ ያለው ብቻ ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን «ጋሼ፣ ማን ይጠይቅልኛል?» አለኝ። የነገሩ ሥር ይህ ነው። ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁና ተቀምጠን ጻፍን፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳየ፣ ሬሳውን ማን እንዳነሣ። ያየ ያየውን ብቻ፣ የሰማ መስማቱን ለይቶ ይናገር። የምስክሮቹን ስም በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ ደብተሩ እማይሆን እጅ ቢገባ እነርሱ እንዳይጎዱ። ከዚያ ለፍርድ ቤት፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማመልከት ይቻላል። ነገ ይፈረዳል ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። የታጠፈ ቃል ሁለተኛ ቁስል ነው። የንስሐ አባቱንም ያን ጊዜ ጥሩ፤ ከኛ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማል። እርሻውንም ጎረቤት በደቦ ይረስለት፣ ሰው ከበበኝ ይበል።

ሽምግልና የማይበቃበት ጊዜም አለ። ቀን ቆርጦ፣ ቦታና ሰው ከጠራ፣ ምስጢር ነው ብላችሁ አትያዙት። የታሰቡትን ሰዎች በዚያው ሌሊት አስጠንቅቁ፣ ልጁንም ከመሣሪያውና ከግብረ አበሮቹ ለዩ፣ ሕግም ይግባበት። ሌላ ተማሪ ነበረኝ፤ የፈተና ቀን ወረቀቱን መልሶ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «ደኅና ይሁኑ» ብሎኝ ወጣ። የፈተና ስንብት መሰለኝ። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ሥልጣን ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ1968 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የነበሩ 648 የሽብር ቡድኖችን የመረመረ አንድ ጥናት፣ ካበቁት ውስጥ 43 በመቶው ወደ ፖለቲካ ሂደት በመግባት፣ 40 በመቶው በፖሊስና በመረጃ ሥራ፣ በጦር ኃይል ግን 7 በመቶው ብቻ መክሰማቸውን አሳይቷል። ጥፋተኛው በስሙ ይያዝ፣ በማስረጃ ይፈረድበት። በልጅ ጥፋት አባትን እስር ቤት አታስገቡ፤ ጎረቤት ቆሞ የሚያይ ሌላ የ17 ዓመት ልጅ አለ።

ደብተሩ እኔ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው፤ እስካሁን የጠየቀው ዳኛ የለም። ልጁ በየገበያው ቀን ብቅ ይላል፤ ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ተጠራን?» ይለኛል። ገና ነው እለዋለሁ። በሚቀጥለውም ገበያ ይመጣል።