የግሪክን ትራጄዲ መድረክ ላይ ስታወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጥንቱን የግሪክ ትራጄዲ ለማዘጋጀት የሚነሳ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው መቀስ ነው። የሚቆርጠውም ኮረሱን፣ ማለትም በኅብረት የሚዘምረውንና የሚጨፍረውን ቡድን ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ታሪኩን ያጓትታል፣ ተመልካቹ ይሰለቻል።» ይህን ሰምቼ ዝም ያልኩበት ዘመን አብቅቷል፤ ስለዚህ በእርሱ ልጀምርና ንዴቴን ልወጣው።

አርስቶትል እንደሚለው ትራጄዲ የተገኘው ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ ይዘመር የነበረውን ዲቲራምብ የተባለ የኅብረት መዝሙር ከሚመሩ ሰዎች ነው። ዘማሪዎቹ ቀድመው ነበሩ። ተዋናዩ ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከጸሐፌ ተውኔቶቹ ኤስኪለስ ሁለተኛ፣ ሶፎክለስ ሦስተኛ ተዋናይ ጨመሩ። ኮረሱን የሚቆርጥ አዘጋጅ እንግዳውን አስቀምጦ ባለቤቱን ከቤት ያስወጣል። በአቴና አንድ ጸሐፌ ተውኔት ለዲዮኒሶስ በዓል ውድድር መግባት ሲፈልግ ከከተማዋ ሹም የሚጠይቀው ኮረስ እንዲሰጠው ነበር። የኮረሱን የሥልጠናና የአልባሳት ወጪ የሚሸፍነው ደግሞ አንድ ባለጸጋ ዜጋ ነው። በ472 ከክርስቶስ ልደት በፊት ለታየው ለኤስኪለስ «ፋርሶች» ወጪውን የቻለው ኋላ የአቴና መሪ የሆነው ወጣቱ ፔሪክለስ ነበር።

አንድ ቦታ ላሳያችሁ። የሶፎክለስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» ክፈቱ። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ኤዲፐስን በሕፃንነቱ በኪታይሮን ተራራ ከአንድ እረኛ እጅ እንደተቀበለው ይናገራል። ሚስቱ ዮካስታ ሁሉም ነገር ይገባታል፤ ባሏ በሕፃንነቱ አሳልፋ የሰጠችው የገዛ ልጇ ነው። ጥያቄውን እንዲተው ባሏን ትለምነዋለች፤ እምቢ ሲላት ወጥታ ትሄዳለች። ቀጥሎ ኮረሱ፣ ማለትም የቴቤስ ከተማ ሽማግሌዎች፣ አጭር መዝሙር ይዘምራሉ፦ ንጉሣችን ምናልባት የአማልክት ልጅ ይሆን? አባቱ ፓን ነው? አፖሎ? ወይስ ሄርሜስ? ወይስ ራሱ ዲዮኒሶስ? ደስታ ነው፣ ጭፈራ ነው። መዝሙሩ እንዳለቀ ሽማግሌው እረኛ ይገባል፤ ተስፋው ሁሉ እዚያው ይፈርሳል።

አንድ ዝግጅት ላይ ይህ መዝሙር ተቆርጦ አየሁ። ዮካስታ በአንድ በኩል ስትወጣ እረኛው በሌላው በኩል ከተፍ አለ። ተመልካቹ ተስፋ የሚያደርግበት ፋታ ስላላገኘ ምርመራው እንደ ፖሊስ ጣቢያ ቃል አሰጣጥ ደርቆ አለፈ። አዘጋጁ ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ። ሶፎክለስ የሚናገሩ ተዋንያን ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ኤዲፐስና መልእክተኛው መድረክ ላይ ስለሆኑ እረኛውን ሊጫወት የሚችለው ዮካስታ ሆኖ የወጣው ሰው ብቻ ነው። መዝሙሩ ጭምብሉንና ልብሱን የሚቀይርበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ሕፃኑን አሳልፋ የሰጠችው እናትና ከእጇ የተቀበለው እረኛ በአንድ ሰው ድምፅ ይናገራሉ። ይህን የመሰለ ነገር በመቀስ ይነካል?

ሌሎች ደግሞ አይቆርጡም፤ የኮረሱን አሥራ አምስት ሰው በአንድ መስመር ገትረው በአንድ ድምፅ ያስጮኻሉ። ኮረሱ ይዘምርም ይጨፍርም ነበር፤ ከመድረኩ ፊት ያለው የጭፈራ ሜዳ የተሠራው ለእርሱ ነው። ከድምፅ አሠልጣኝ በፊት የውዝዋዜ አሠልጣኝ ፈልጉ።

ዝም ለሚሉ ሰዎች ንግግር መጨመርም ሌላው በሽታ ነው። ከኤስኪለስ ባለ ሦስት ክፍል ሥራ ከ«ኦሬስቴያ» ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ፒላዴስ የሚባል የኦሬስቴስ ወዳጅ አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቃል ሳይተነፍስ ይከተለዋል፤ ተመልካቹም አጃቢ ነው ብሎ ይረሳዋል። ኦሬስቴስ አባቱን ያስገደለችውን እናቱን ሊገድል ሰይፍ መዝዞ እጁ ሲዝል ግን ዞሮ «ፒላዴስ፣ ምን ላድርግ?» ይለዋል። ያ ዝምተኛ ሰው ሦስት መስመር ይናገራል፦ ግደላት ያለህን የአፖሎን ቃል ከምታፈርስ ሰውን ሁሉ ጠላት አድርግ ይለዋል። ከዚያ በኋላ መልሶ ዝም ነው። ተዋናዩ ቅር እንዳይለው ተብሎ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ቃል የተሰጠው ፒላዴስ አይቻለሁ። ወገኖቼ፣ ተዋናዩን በሌላ ነገር አስደስቱት።

ጭምብሉ ድምፅ ማጉያ ነበር የሚለውን ተረት ተዉት። አፋቸውን በሰፊው የከፈቱት አስፈሪ ጭምብሎችና ባለ ከፍተኛ ሶል ጫማዎች የኋላ ዘመን ናቸው። በ400 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ የተሠራውና ዛሬ ናፖሊ የሚገኘው የፕሮኖሞስ ማሰሮ ላይ ተዋንያኑ ጭምብላቸውን በእጃቸው ይዘው ይታያሉ፤ ፊቶቹ የሰው ፊት ናቸው።

«ንጉሥ ኤዲፐስ»፣ «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» እና «አንቲጎኔ» ባለ ሦስት ክፍል አንድ ሥራ አይደሉም። «አንቲጎኔ» የታሪኩ መጨረሻ ብትሆንም ቀድማ የተጻፈችው እርሷ ናት፤ «ኤዲፐስ በኮሎኖስ» ደግሞ ሶፎክለስ ከሞተ በኋላ በ401 ለመድረክ በቃ። ስለዚህ በሦስቱም ውስጥ ያለው የዮካስታ ወንድም ክሬዎን አንድ ዓይነት ሰው እንዲሆን አትድከሙ፤ አይሆንም።

የቦታ፣ የጊዜና የድርጊት አንድነትን፣ ማለትም ተውኔት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ድርጊት ይወሰን የሚለውን፣ የግሪኮች ሕግ አድርገው የሚያስተምሩም አሉ። አርስቶትል አጥብቆ የያዘው የድርጊቱን ነው፤ ስለ ቦታው አላለም። ሕጉን ያጠበቁት የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናውያን ናቸው። የ«ኦሬስቴያ» ሦስተኛው ክፍል ራሱ ዴልፊ ተጀምሮ አቴና ያልቃል።

ከቤተ መንግሥት የወጣው ሌላው መልእክተኛ ኤዲፐስ የገዛ ዓይኑን ማጥፋቱን ሲተርክ ከኋላው በቪዲዮ ደም የምታሳዩ፣ እባካችሁ አጥፉት። ወይ ቃሉን እመኑ፣ ወይ ሌላ ተውኔት ምረጡ።

የኤፒዳውሮስን የድንጋይ ቴአትር ፎቶ ለጥፎ «ሶፎክለስ እዚህ ተጫወተ» ማለትም ይብቃ። እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው፤ በእርሱ ዘመን አቴናውያን የሚቀመጡት በእንጨት ላይ ነበር።

ግሪኮች በዓሉን በለቅሶ ብቻ ያሳለፉ የሚመስላችሁም አላችሁ። አንድ ጸሐፌ ተውኔት ከሦስት ትራጄዲዎች በኋላ ሳቲር የሚባሉ የፈረስ ጅራት ያላቸው የተረት ፍጡራን የሚፈነጩበት አንድ አስቂኝ ተውኔት ያቀርብ ነበር። ከእነዚህ የሳቲር ተውኔቶች ሙሉ ሆኖ የደረሰን የዩሪፒደስ «ሳይክሎፕስ» ብቻ ነው። እስካሁን ይህን ላዘጋጅ ብሎ የመጣ ወጣት አልገጠመኝም፤ የሚሞክር ካለ ለልምምዱ ሳልጠራ እመጣለሁ።