የሞተር ሳይክል የፍሪሲዮን ካቦ ሲበጠስ

የፍሪሲዮን ካቦ፣ ማለትም እጀታው ሲጨበጥ ፍሪሲዮኑን ስቦ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ሽቦ፣ መሀሉ ላይ የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው በእጅ የሚጨበጠው እጀታ ጋ፣ ከሽቦው ክብ ራስ ሥር ነው። እጀታው በተጨበጠ ቁጥር ያ ራስ በማረፊያው ውስጥ መዞር አለበት። ቅባት አጥቶ ሲደርቅ ወይም ሲዝግ መዞሩን ያቆምና ሽቦው ራሱ ይታጠፋል፤ ቀጫጭን ክሮቹም አንድ በአንድ ያልቃሉ። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፦ እጀታው ይከብዳል፣ ያስተካከላችሁት ልቅነት (እጀታው ሽቦውን መሳብ ሳይጀምር በባዶ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት) ቶሎ ቶሎ ይጨምራል፣ ራሱ አጠገብ የተፈታ ክር ብቅ ይላል። አንድ ክር ካያችሁ ካቦውን ለመቀየር ሌላ ማስረጃ አትጠብቁ።

እየነዳችሁ ከተበጠሰ ሞተሩና ጎማው እንደተያያዙ ይቀራሉ። ነዳጁን ልቀቁ፣ ፍሬን ያዙ፣ ከመቆማችሁ በፊት ማርሹን ወደ ዜሮ አውጡ። ዜሮ እምቢ ካለ ሞተሩን በማጥፊያው አጥፉት።

መንገዱ ጭር ያለ ከሆነ ያለ ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ መድረስ ይቻላል። በዜሮ ማርሽ አስነሱ። እጀታው ካልተጨበጠ የማይነሳ ሞተር ከሆነ ካቦው ባይኖርም ጨብጡት፤ መጨበጡን የሚለየው ማብሪያ ያለው እዚያው እጀታው ላይ ነው። በእግራችሁ እየገፋችሁ የእርምጃ ፍጥነት ሲይዝ አንደኛ ማርሽ በቆራጥነት አስገቡ፤ ይነጥራል፣ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ። ወደ ላይ ለመቀየር የማርሹን መርገጫ በእግር ገፋ አድርጋችሁ ያዙና ነዳጁን ለቅጽበት ልቀቁ፤ ማርሹ ራሱ ይገባል። ወደ ታች መቀየር ይከብዳል፤ ፍጥነቱን በደንብ ቀንሳችሁ ብቻ ሞክሩት። የትራፊክ መብራትና መጨናነቅ ባለበት መንገድ ግን ይህን አታድርጉ፣ ሞተሩን ግፉ።

በብሎን የሚጠብቅ ጊዜያዊ ራስ ካላችሁ የተበጠሰውን ሽቦ ጫፍ አስገብታችሁ አጥብቁት። ሽቦው ስለሚያጥር እጀታውና ሞተሩ ጋ ያሉትን ሁለቱንም ማስተካከያዎች እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ካቦውን አላሉ። ሊንሸራተት ስለሚችል ቤት ለመድረሻ ብቻ ነው።

አዲሱን ካቦ ከመግጠማችሁ በፊት ከአሮጌው ጎን አጋድማችሁ የውጭ ሽፋኑን ርዝመት፣ ከሽፋኑ ውጭ የሚቀረውን ሽቦና የሁለቱን ጫፎች ቅርጽ አመሳክሩ። አሮጌው የሚያልፍበትን መንገድ ፎቶ አንሡ፤ ወይም የአዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጋር አስራችሁ አሮጌውን ስትስቡ አዲሱ በዚያው መንገድ ይግባ። ሽቦው ባዶ ቱቦ ብቻ ካለው፣ ከላይ ቀጭን ዘይት እያንጠባጠባችሁ ከታች እስኪወጣ ጠብቁ። ውስጡ በፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ ዘይት አያስፈልገውም። ክብ ራሱን ግን በሁለቱም ዓይነት ግሪስ ቀቡት።

መጀመሪያ የሞተሩን በኩል አያይዙ። ከዚያ እጀታው ላይ የማስተካከያውን፣ የማሰሪያ ዳዶውንና የእጀታውን ስንጥቅ በአንድ መስመር አድርጋችሁ ሽቦውን አስገቡ። ካስገባችሁ በኋላ ስንጥቆቹን አዛንፉ፤ አለዚያ ሽቦው ይወጣል፣ ውሃም ይገባል።

ሲስተካከል የእጀታውን ማስተካከያ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ዋናውን ልቅነት ሞተሩ ጋ ባሉት ዳዶዎች አውጡ፤ የቀረችውን በእጀታው ጨርሱ። የሞተራችሁ መመሪያ ሌላ ካላለ፣ እጀታው ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልቅነት ይበቃል። ከዚህ ከጠበበ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይያዝም፣ ይንሸራተታል፣ የሚይዘው የፍሪሲዮን ሸራም ይቃጠላል። ከሰፋ ደግሞ አይለቅም፦ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ዜሮ ማግኘት ያስቸግራል፣ እጀታው ተጨብጦም ሞተሩ ወደ ፊት ይስባል።

በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥታችሁ በዜሮ ማርሽ መሪውን እስከ ግራና እስከ ቀኝ ጥግ አዙሩ፣ በየጥጉም ልቅነቱን እዩ። ከተለወጠ ካቦው ተወጥሯል ወይም አንድ ቦታ ተቀርቅሯል፤ መንገዱን አስተካክሉ። ረጅም ጉዞ የምትሄዱ ከሆነ መለዋወጫ ካቦ ከሚሠራው ጎን ዘርግታችሁ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ። መንገድ ላይ የነዳጅ ታንከሩን ማውረድ ሳያስፈልግ ሁለቱን ጫፍ ማያያዝ ብቻ ይቀራችኋል።