ፒቸር ሲጎዳ የቀሩትን እንዴት እናሰልፍ?

በቤዝቦል አንድ ፒቸር (ዱላ ይዞ ፊቱ ለሚቆመው መቺ ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) በአጋጣሚ ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ በኛ በአሰልጣኞቹ ውሳኔ ነው፤ የመጀመሪያው ይወረውር የነበረውን ሁሉ አንስተን በቀረው ጎበዝ ልጅ ላይ እንጭንበታለን። ይህን የምጽፈው ያ ሁለተኛው ጉዳት እንዳይመጣ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች በሚጫወቱበት የሰመር ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። የኔ ድርሻ የፒቸሮቹን ደብተር መያዝ ነው። ማን ጨዋታ እንደሚከፍት፣ ስንት ወርውሮ እንደሚወጣ፣ መቼ ወደ ማውንድ (ፒቸሩ ቆሞ ወደሚወረውርበት ከፍ ያለ ቦታ) እንደሚመለስ የሚወሰነው ከዚያ ደብተር ነው። በዚህ አካባቢ ልጁን ወደ ሜዳ ሲያመጣ «እስቲ አግዘን» ተብሎ ድንገት አሰልጣኝ የሚሆን ወገን ስላለ ከመሠረቱ ልጀምር። እኛ በእግር ኳስ ያደግን ሰዎች ጎበዝ በረኛ ካለን በየጨዋታው እናቆመዋለን። ፒቸር እንደዚያ አይያዝም። በሙሉ ኃይል ከላይ መወርወር የክርንንና የትከሻን ጅማት ይለጥጣል፤ የተለጠጠው የሚያገግመው ደግሞ በዕረፍት ነው። ትልቁ ሊግ (ሜጀር ሊግ ቤዝቦል) እንኳ በ162 ጨዋታ ወቅት አምስት ከፋች ፒቸሮችን በተራ የሚያሰልፈው እያንዳንዳቸው አራት ወይም አምስት ቀን እንዲያርፉ ብሎ ነው።

ቁጥሩ

ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና ዩኤስኤ ቤዝቦል በ2014 ፒች ስማርት የሚባል መመሪያ አውጥተዋል። በመመሪያው መሠረት የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ95 በላይ መወርወር የለበትም። ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ ጣሪያው 85፣ ለ9 እና ለ10 ዓመት 75 ነው። ቡድን የሚመራው ግን በጣሪያው ሳይሆን በዕረፍቱ ሰንጠረዥ ነው። እስከ 14 ዓመት ላሉት እንዲህ ይላል፦

ከ1 እስከ 20 ውርወራ፦ የግዴታ ዕረፍት የለም
ከ21 እስከ 35፦ 1 ቀን
ከ36 እስከ 50፦ 2 ቀን
ከ51 እስከ 65፦ 3 ቀን
66 እና ከዚያ በላይ፦ 4 ቀን

ይህን በቃላችሁ ያዙት። ቅዳሜ 20 የወረወረ ልጅ እሑድ መወርወር ይችላል፤ 21 የወረወረው አይችልም። ቅዳሜና እሑድ አራት ጨዋታ ባለበት ውድድር ላይ የተጎዳ ፒቸር ካላችሁ፣ ያቺ አንዲት ውርወራ የእሑድን ጨዋታ ትወስናለች። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 9 ለ 2 እየመራችሁ ከሆነ 18 ላይ የደረሰውን ልጅ አስወጡትና ኢኒንጉን (ከእያንዳንዱ ቡድን ሦስት መቺ እስኪወጣ የሚቆየውን የጨዋታ ዙር) ሌላው ይጨርሰው። እየመራን ነውና ይቀጥል የሚለው ሐሳብ በጣም ያባብላል፤ እኔ አልቀበለውም።

ዝርዝሩ ከሊግ ሊግ ይለያያል። ሊትል ሊግ በሚባለው የልጆች ሊግ ውስጥ ለምሳሌ ፒቸሩ ገደቡ ላይ የደረሰው አንድ መቺ ፊቱ ቆሞ ሳለ ከሆነ ያንን መቺ መጨረስ ይፈቀድለታል። የራሳችሁን ደንብ ወቅቱ ሳይጀምር አንብቡ።

ከጉዳቱ በፊት የሚሠራ ሥራ

ፒቸር ሲጎዳ ተተኪ መፈለግ የሚጀምር ቡድን ዘግይቷል። አሥራ ሁለት ልጅ ካላችሁ ቢያንስ ሰባቱ አንድ ኢኒንግ መጨረስ መቻል አለባቸው። ፈጣን መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ስትራይክ (መቺው ሊመታው በሚችለው ክልል የሚያልፍ ኳስ) መጣል ከቻሉ ይበቃል። ሁለተኛ ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች ሁለተኛው) ላይ የሚቆመው ትንሹ ልጅ ቀስ ያለ ኳስ እየጣለ ሦስት መቺዎችን ሲመልስ ማየት ያስደስተኛል፤ ከዚያ በላይ ግን የፈጣኑን ልጅ ክንድ አትርፎልናል። እነዚህን ልጆች በማርች፣ ገና ልምምድ ላይ ሳላችሁ፣ ማውንድ ላይ አቁሟቸው። ፋስትቦል (ፈጣን ኳስ) እና ቼንጅአፕ (እሱን መስሎ ቀስ የሚል ኳስ) ይበቃቸዋል።

ደብተሩን በተመለከተ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ስጡት። ቀኑን፣ የውርወራውን ብዛት፣ በአንድ ኢኒንግ የወረወረውን ከፍተኛ ቁጥር፣ እንደገና መወርወር የሚችልበትን ቀን ጻፉ። ስንት ኢኒንግ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚቀበለው) እንደሆነም ጻፉ። በርሚንግሃም፣ አላባማ ያለው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ተቋም ፒቸር የሆነ ልጅ የቡድኑ ካቸር እንዳይሆን ይመክራል፤ ካቸር ኳሱን በየጊዜው ለፒቸሩ ስለሚመልስ ክንዱ አያርፍም። ፒቸር ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየን ጠንካራ ክንድ ያለው ካቸር ነውና በዚህ ላይ ራሳችሁን ያዙ።

አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፤ «ሌላ ቦታ» ብዬ የምጽፈው። ብዙ ልጅ ለሁለት ቡድን ይጫወታል፣ በሳምንቱ መሐል ደግሞ የግል አሰልጣኝ ጋ ይሄዳል። ማክሰኞ የግል ትምህርት ላይ የተወረወረው 40 ውርወራ በሊጉ ወረቀት ላይ አይታይም። ክንዱ ግን ሁሉንም ይቆጥራል። ወላጆችን በየሳምንቱ መጠየቅ አያሳፍርም።

የጎደለውን ማከፋፈል

እንበልና አንደኛ ፒቸራችሁ በሳምንት 75 ይወረውር ነበር። ክርኑን ያዘውና ሐኪም አቁም አለው። ያንን 75 ለሁለተኛው አትስጡት። ሁለተኛው የሚወረውረው በፊት የነበረው ያህል ብቻ ይሁን፤ ከሱ ላይ ምንም አትጨምሩበት። 75ቱን ለሦስት ከፍላችሁ ከታች ላሉት ስጡ፤ ለአንዱ 35፣ ለሌሎቹ ሃያ ሃያ። ሁለቱ ነገም ይገኛሉ፣ አንዱ ከነገ ወዲያ። በዚህ አከፋፈል አንዳንድ ጨዋታ ትሸነፋላችሁ። እኔ ያንን ሽንፈት ከወዲሁ እቀበለዋለሁ።

ማን ይክፈት የሚለው ላይ የትልቁ ሊግ ቡድን ታምፓ ቤይ ሬይስ በሜይ 2018 ያደረገው ጠቃሚ ነው። ጨዋታ መጨረሻ ላይ መግባት የለመደውን ሰርጂዮ ሮሞን ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር ጨዋታ አስከፈቱት፤ አንድ ኢኒንግ ወርውሮ ወጣ፣ በማግስቱም እንደገና ከፈተ። ለልጆች ሲሆን ጥቅሙ ትንሽ ይለያል። ልምድ የሌለውን ልጅ ቤዞቹ ሞልተው፣ ወላጅ ሁሉ እየጮኸ እያለ ብታስገቡት ከአቅሙ በላይ ይወረውራል። መጀመሪያ ኢኒንግ ላይ፣ ባዶ ቤዝ፣ 0 ለ 0 ብታቆሙት ግን ተረጋግቶ ይወረውራል። ሁልጊዜም አዲስ ፒቸር ንጹሕ ኢኒንግ እንዲጀምር አድርጉ።

በትልቁ ሊግ ይህን ማከፋፈል በደንብ ያየነው በ2024 በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን ነው። ከከፋች ፒቸሮቹ ያማሞቶ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር በትከሻ ጉዳት አልነበረም፤ ግላስኖው በክርን፣ ስቶን በትከሻ፣ ከርሾው በእግር ጣት ምክንያት ወጡ፤ ኦታኒ ከ2023 የክርን ቀዶ ሕክምና እያገገመ ስለነበር መቺ ብቻ ነበር። ኦክቶበር ላይ የጥሎ ማለፉ ውድድር ሲደርስ በከፋችነት የቀሯቸው ያማሞቶ፣ ፍላሄርቲና ቢውለር ነበሩ። ከሳን ዲዬጎ ጋር አራተኛው ጨዋታ ላይ፣ ቢሸነፉ ከውድድሩ በሚወጡበት ቀን፣ ከሦስቱ አንዱን ያለ በቂ ዕረፍት አላመጡም። ስምንት ፒቸሮች ተቀባብለው 8 ለ 0 አሸነፉ። በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰዱ።

ድካምን ማየት

ቁጥሩ ገና 40 ላይ ሆኖ ልጁ ሊደክም ይችላል። ምልክቶቹን ተማሩ። ኳሱ ወደ ላይ መሄድ ይጀምራል፤ ሲወረውር ክርኑ ከትከሻው መስመር ዝቅ ይላል፤ በውርወራዎች መሐል ጊዜ ይፈጃል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል፣ ክንዱን ያራግፋል። በአንድ ኢኒንግ 30 ውርወራ፣ በአራት ኢኒንግ ከተከፋፈለ 60 ይልቅ ያስፈራኛል፤ በመሐል ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚወስድበት ጊዜ የለውምና። እንዲህ ያለ ኢኒንግ ካለፈበት ገና ብዙ ቢቀረውም አስወጣዋለሁ። ከላይ የጠቀስኩት የበርሚንግሃሙ ተቋም ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ክንዳቸው ደክሞ እያለ አዘውትረው የሚወረውሩ ወጣቶች ለክርን ወይም ለትከሻ ቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው 36 እጥፍ ሆኖ አግኝተውታል። ደብተሬ ውስጥ በትልቁ የጻፍኩት ቁጥር እሱ ነው።

ልጁን «ደህና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። በተለይ በኛ ቤት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ማማረር ነውር ስለሚመስለው «ደህና ነኝ» ብሎ ኳሱን ይቀበላችኋል። «የሚሰማህን ቦታ በጣትህ አሳየኝ» በሉት። የላይኛውን ክንድ ጡንቻ በመዳፉ ሙሉ ካሻሸ ድካም ሊሆን ይችላል። የክርኑን የውስጥ ጎን አጥንት ወይም የትከሻውን አናት በአንድ ጣት ከነካ የዚያ ቀን ጨዋታው አብቅቷል፣ ቀጣዩም ሐኪም ጋ ነው። እዚያ ቦታ የልጅ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ሕመሙ ከጅማት ሳይሆን ከሱ ሊሆን ይችላል። ክንዱን መዘርጋት ካቃተው፣ ካበጠ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ ቀጠሮ ቶሎ ይያዝለት። ማስታገሻ ሰጥቶ ማስወርወር ፈጽሞ አይደረግም።

እሑድ ማታ ደግሞ ለእናቶች እደውላለሁ። «እህቴ፣ ዛሬ ክንዱን ሲያሽ አይተሽዋል?» ለኔ ዝም ያለ ልጅ ለእናቱ በረዶ አምጪልኝ ብሎ ሊሆን ይችላል። ከሜዳው ላይ ያላገኘሁትን ብዙ መረጃ ያገኘሁት ከነዚህ ስልኮች ነው።

ሲመለስ

ሐኪሙ ይወርውር ካለ በኋላ ወላጅም ልጅም ይቸኩላሉ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀን እየዘለለ፣ ከ45 ጫማ ርቀት ቀስ አድርጎ ይወርውር። ሳይሰማው ካለፈ 60፣ ከዚያ 90 ጫማ። አንድ ደረጃ ላይ ከተሰማው ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው ማውንድ ላይ የሚወጣው። የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ አንድ ኢኒንግ፣ ቢበዛ 20 ውርወራ፤ ቀጥሎ 35፤ ቀጥሎ 50። በሰልፉ ውስጥ የሚገባውም መጨረሻ ላይ ነው። የድሮ ቦታውን ወዲያው ብትሰጡት ያከፋፈላችሁት ሸክም ሁሉ ተመልሶ እሱ ላይ ይወድቃል።

አንዳንድ ወላጅ «ቀዶ ሕክምናው ክንድን ያጠነክራል» ሲል እሰማለሁ። ይህ የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና መጀመሪያ የተደረገለት ፒቸር ቶሚ ጆን በ1974 በዶክተር ፍራንክ ጆብ እጅ ሲታከም የ1975ን ወቅት በሙሉ አልተጫወተም፤ በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ፣ ከዚያ በኋላም 164 ጨዋታ አሸነፈ። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። ያ ሙሉ ዓመት ለ14 ዓመት ልጅ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ግን አስቡት።

እዚህ ዲሲ ዙሪያ ሰው እስከ ዛሬ የሚከራከርበት የፒቸሩ ስቲቨን ስትራስበርግ ጉዳይም አለ። በ2010 ያንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሲመለስ፣ የዋሽንግተኑ ቡድን ናሽናልስ በ2012 ከ160 ኢኒንግ ትንሽ ሲቀረው ሴፕቴምበር ላይ አስቆሙት። ቡድኑ 98 ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ ያለ እሱ በመጀመሪያው ዙር በሴንት ሉዊስ ተሸነፈ። በ2019 ዋንጫውን ሲወስዱ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። በኋላ ሌሎች ጉዳቶች ደርሰውበት ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው አቆመ። ጥንቃቄ ዋስትና አይሰጥም፤ ያም ሆኖ በ2012 ያስቆሙት ሰዎች ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ከወላጅ ጋር

ከጨዋታው በፊት የዕለቱን ቁጥር ተናገሩ። «ዛሬ እስከ 50 ነው» ብላችሁ ለልጁም ለአባቱም ንገሩ። ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ፣ 3 ለ 3 ሲሆን፣ «አንድ መቺ ብቻ ይጨምር» ብሎ አጥሩ ጋ የሚመጣ አባት ይኖራል፤ ልጁን ስለሚወድ ነው። መልሱ ጠዋት ተሰጥቷል፣ አሁን ክርክር አያስፈልግም። ቆጣሪው ደግሞ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ከኛ፣ አንዱ ከተቃራኒው ቡድን፣ በየኢኒንጉ መጨረሻ ቁጥራቸውን ያስተያዩ።

ወቅቱ ሲያልቅ የልጁን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ለወላጁ ላኩለት፤ ለሚቀጥለው አሰልጣኝ ይጠቅመዋል። ፒች ስማርት በዓመት አራት ወር ከፒቸርነት እንዲያርፉ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ወር በተከታታይ ምንም ኳስ ከላይ እንዳይወረውሩ ይመክራል። እኛ ጋ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ነው። ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ። ከሰመር በኋላ የውድድር ግብዣ ከመጣ፣ በሰመር የተጎዳው ልጅ ይምጣ ካለ መቺ ሆኖ ይምጣ፤ በመከላከል ላይ ግን አይግባ።