የመድረክ ልብስ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሔው

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅም ሆነ በወልድያ ያለ የሰፈር ኪነት ቡድን ልብሱን የሚያሰፋው ብዙውን ጊዜ የሠርግ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ከሚሰፋ ባለሙያ ዘንድ ነው። ባለሙያው እጁ የተባ ቢሆንም ሜትሮውን የሚዘረጋው ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ላይ ስለሆነ፣ ልብሱም በልክ የሚሆነው ለባሹ ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ግን የሚቆም ሰው የለም፤ ይወዛወዛል፣ ይንበረከካል፣ ይሮጣል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ልብስ ይቀይራል። ከዚህ በታች ከተነሡት ችግሮች አንዳንዶቹ ከዚሁ የልኬት ጉድለት፣ ሌሎቹም ከጨርቁ ጠባይ፣ ከመብራቱና ከልብሱ አያያዝ የሚመነጩ ናቸው።

ችግር፦ በእስክስታ መካከል ብብቱ ይተረተራል

ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። በቅድሚያ መታየት ያለበት የተበጠሰው ምን እንደሆነ ነው። ጨርቁ ደኅና ሆኖ ክሩ ብቻ ከተበጠሰ፣ ምክንያቱ ያረጀ ወይም የሳሳ ክር፣ አለበለዚያም ከልክ በላይ የተወጠረ ስፌት ነው፤ በጠንካራ የፖሊስተር ክር፣ በ2.5 ሚሊ ሜትር እርምጃ፣ ሁለት ጊዜ ደርቦ መስፋት ይበቃዋል። ጨርቁ ራሱ ከስፌቱ አጠገብ ከተቀደደ ግን ጥፋቱ የአቆራረጡ ነው፤ ደርቦ መስፋት ቀዳዳውን አንድ ጣት ወዲያ ከማዛወር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ብዙ ሰፊዎች ተወዛዋዡ እጁን እንደ ልቡ እንዲያንቀሳቅስ በማሰብ የእጅጌውን መግቢያ ወደ ታች አውርደው ይቆርጡታል፤ ውጤቱም የታሰበው ተቃራኒ ይሆናል። መግቢያው ወደ ታች በወረደ መጠን ክንድ ሲነሣ እጅጌው የልብሱን ጎን ይዞ ይነሣል፤ ልብሱ በመቀነት ወይም በቀበቶ ከታሰረ ደግሞ መነሣት ስለማይችል ይቀደዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ለባሹ መቀነቱን ሳይታጠቅ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያንሣ፤ የልብሱ ጫፍ አብሮ በብዙ ከተነሣ መግቢያው ወርዷል ማለት ነው።

ለአዲስ ልብስ መግቢያውን ከብብት በታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ ዝቅ አድርጎ መቁረጥና እጅጌውን ከላይኛው ጫፉ ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ለተሰፋ ልብስ ደግሞ የብብቱን ስፌት ፈትቶ፣ ጎንና ጎኑ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ ለስፌት 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ በየጎኑ ታክሎበት ይገባበታል። ቁራጩ በድርና በማጉ አቅጣጫ ከተቆረጠ በኋላ አንዱ ማዕዘን ወደ እጅጌው፣ ተቃራኒው ወደ ጎን ስፌቱ እንዲያመለክት ተደርጎ ይቀመጣል፤ እንዲህ ሲሆን የጨርቁ ሰያፍ መለጠጥ የክንዱን እንቅስቃሴ ይከተላል። መልሶ የሚቀደደው ከማዕዘኖቹ ላይ በመሆኑ እያንዳንዱን ማዕዘን ከውስጥ በትንሽ አቡጀዴ ማጠንከር አይዘነጋም።

የወሎ ጨዋታ ትከሻን ወደፊትና ወደኋላ ስለሚያመላልስ ብብት ብቻውን ቢስተካከል ጀርባ መቀደዱ አይቀርም። ስለዚህ የጀርባ ስፋት ሁለት ጊዜ ይለካል፦ አንዴ ሰውየው ቆሞ፣ አንዴ ደግሞ ራሱን እንደሚያቅፍ ሁለት ክንዱን በደረቱ ላይ አጣምሮ። የሁለቱ ልዩነት በጀርባው መካከል በተሸሸገ እጥፋት ይጨመራል። ይህን ሁለተኛ ልኬት የሚወስድ ሰፊ ካጋጠመ ቡድኑ ደንበኝነቱን አጥብቆ ይያዝ።

ችግር፦ የከፋይ ካባው ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ፈዛዛ ይመስላል

ከፋይ ፀጉር ያለው ጨርቅ ነው፤ ፀጉሩ ወደ ታች ሲተኛና ወደ ላይ ሲቆም ብርሃንን የሚመልሰው በተለያየ መንገድ ነው። ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል አንዱ ቁራጭ በቀጥታ፣ ሌላው ተገልብጦ ከተቆረጠ፣ በሱቅ ውስጥ የማይታይ ልዩነት በመድረክ መብራት ሥር ፍንትው ብሎ ይወጣል። ከተሰፋ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ የተገለበጠውን ቁራጭ ቀይሮ እንደገና መስፋት ግድ ነው። ከመቁረጥ በፊት ግን ጨርቁን በመዳፍ ዳብሶ የሚለሰልስበትን አቅጣጫ ማወቅና በጀርባው በጠመኔ ቀስት ማስመር ይበቃል። ከፋይን በፊቱ በኩል በካውያ መጫንም ፀጉሩን አስተኝቶ የማይጠፋ ምልክት ያስቀራል፤ በጀርባው በኩል፣ በእንፋሎት ብቻ ይተኮሳል።

ካባው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ አንገት የሚያንቅ ከሆነ ደግሞ፣ ምክንያቱ ክብደቱ በሙሉ በጀርባ መሆኑና የያዘው ነገር የአንገቱ ማሰሪያ ብቻ መሆኑ ነው። ከካባው ውስጥ ከሁለቱ ትከሻዎች ሁለት ሰፋፊ ጥብጣቦች ተሰፍተው፣ በደረት ላይ ተሻግረው፣ በብብት ሥር ዞረው ከኋላ ቢታሰሩ ክብደቱ ወደ ትከሻና ወደ ደረት ይተላለፋል፤ የአንገቱም ማሰሪያ ለጌጥ ብቻ ይቀራል። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ባቲ ሙቀት ለትርኢት የሚወርድ ቡድን የካባውን ገበር በቁልፍ የሚገጠምና የሚወልቅ ቢያደርገው ተዋናዩን ከላብ ያድነዋል።

ችግር፦ የሸማው ልብስ ከታጠበ በኋላ ያጥራል፣ ጥለቱም ነጩን ያቀልማል

የእጅ ሥራ ሸማ ሳይታጠብ ከተቆረጠ ማጠሩ የሚጠበቅ ነው። ከመቆረጡ በፊት ሌሊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ያለ ጭመቃ ይሰጣ፤ ጥለቱም በረጠበ ነጭ ጨርቅ ተጠርጎ ይፈተን። ቀለም የሚለቅ ጥለት ከተገኘ ለብቻው ተሰፍቶ፣ በሚታጠብበት ጊዜ እንዲፈታ በእጅ ስፌት ይያያዝ። ጨው ቀለሙን ይይዘዋል የሚለው በየቤቱ የሚነገር ምክር በፋብሪካ ቀለም በተነከረ ክር ላይ አይታመንም። ሸማ ልቅ ሆኖ የተሸመነ ስለሆነም ከጫፉ ቶሎ ይበተናል፤ ለስፌት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትቶ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት ይገባል።

ችግር፦ ማሽኑ ሳቲኑን ያጨማድዳል፣ ስፌትም ይዘላል

መጀመሪያ መርፌው ይቀየር። ለሳቲንና ለስስ ጨርቅ ቁጥር 70፣ ለአቡጀዴ 80፣ ለከፋይና ለወፍራም ጨርቅ 90 ወይም 100 ይስማማል። የደነዘዘ ወይም የተጣመመ መርፌ ስፌት መዝለሉ የተለመደ ነው። ከታች በኩል ክሩ ቀለበት ቀለበት ከሠራ የላይኛው ክር ላልቷል፤ የታችኛው ክር ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ የላይኛው ጠብቋል። ጨርቁ ከተጨማደደ ውጥረቱን ማላላት፣ ካልተስተካከለም ከሥሩ ስስ ወረቀት አድርጎ ሰፍቶ ወረቀቱን መቅደድ ነው።

ችግር፦ ነጩ ልብስ ፊትን ይውጣል፣ ቀዩ ልብስ ጥቁር ይሆናል

ንጹሕ ነጭ በጠንካራ መብራት ሥር እጅግ ስለሚያንጸባርቅ የተመልካች ዓይን ከተዋናዩ ፊት ይልቅ ወደ ነጠላው ይሄዳል። ልብሱን በቀዝቃዛ ቀጭን ሻይ አጥልቆ ማውጣት ነጭነቱን ያበርደዋል፤ ከሩቅ ሲታይ ያው ነጭ ነው። በትንሽ ቁራጭ ሳይሞክሩ ሙሉውን ልብስ መንከር ግን አይገባም። ቀይ ጨርቅ በአረንጓዴ መብራት ሥር የሚጠቁረው የሚመልሰው ቀይ ብርሃን ስለማያገኝ ነው፤ ይህን በመርፌ ማዳን ስለማይቻል፣ አዘጋጁና ሰፊው ጨርቅ ከመገዛቱ በፊት ቁራጩን በመብራቱ ሥር ሊያዩት ይገባል። ከኋላ የሚመጣ መብራት በሳሳ ቀሚስ ውስጥ እግርን የሚያሳይ ከሆነ ገበር መጨመር ነው።

ችግር፦ በታሪካዊ ትዕይንት ተመልካቹ በልብሱ ይስቃል

አምባሰል ውስጥ፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በየጊዜው ወደ መድረክ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ የወሎ ተመልካችም ታሪኩን ያውቃል። በእጀ ጠባቡ ጀርባ የሚያብለጨልጭ ዚፕ ሲያይ ይስቃል፤ ዛሬ የምናውቀው ዚፕ ከዚያ ከሃያ ዓመታት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነውና። ከዚፕ የከፋው ስሕተት ራስ ሚካኤልን በዚያ ዘመን ትዕይንት ዘውድ ማስደፋት ነው፤ ንጉሥ የተባሉት በ1906 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሰፊው ትእዛዝ ሲቀበል የትዕይንቱን ዓመትና የባለታሪኩን ማዕረግ ይጠይቅ። ዚፑ ለፍጥነት የግድ ካስፈለገም በጎን ስፌት ውስጥ ይግባና በጨርቅ ይሸፈን።

ችግር፦ ልብስ መቀየሩ ትዕይንቱን ያዘገያል

በአንድ ረድፍ የተደረደረ ቁልፍ እየተፈታ እየተቆለፈ ጊዜ ይበላል። ቁልፎቹ ከላይ ለመልክ ብቻ ተሰፍተው፣ ከሥር በጣት ተጭነው የሚገጠሙ የብረት ቁልፎች ይደረጉ። ቬልክሮ ከእነዚህም ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ጸጥ ባለ ትዕይንት አዳራሹን ያውካል፤ ዘፈን በሚሰማበት ቅያሬ ላይ ብቻ ይጠቅማል። ከባቲ ወይም ከከሚሴ አካባቢ ሕይወት በተቀዳ ጨዋታ የሚለበስ ሽርጥም በውዝዋዜ መካከል እንዳይፈታ፣ ከወገቡ ውስጥ ሰፊ ላስቲክ ገብቶበት እጥፋቱ በስፌት መያዝ አለበት።

ችግር፦ የተወዛዋዦቹ ቀሚስ ጫፍ ወጣ ገባ ነው

ርዝመቱ ከወገብ ወደ ታች ስለተለካ ነው፤ የሰው ዳሌና አቋም አንድ አይደለም። ሁሉም በትርኢቱ የሚጫሙትን ተጫምተው፣ መቀነታቸውን ታጥቀው ይቁሙና ከመሬት ወደ ላይ በማስመሪያ ይለካ። በሰያፍ የተቆረጠ ሰፊ ቀሚስ ደግሞ ጫፉ ከመታጠፉ በፊት ሌሊቱን ተሰቅሎ ይደር፤ ጨርቁ በክብደቱ ስለሚወርድ ነው።

ችግር፦ ከክረምት በኋላ ልብሱ ሻግቶ ይገኛል

ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉምና ዝናብ ስለማይለያት፣ ከትርኢት በኋላ ላብ ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ልብስ መሻገቱ አይቀርም። ከውስጥ የሚለበስ የጥጥ ካናቴራ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ተመድቦ በየትርኢቱ ቢታጠብ፣ ከላይ ያለው ከፋይና ወርቀ ዘቦ እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ይጸዳል። ልብሱ ተገልብጦ በጥላ ከደረቀ በኋላ በአቡጀዴ ከረጢት ተሸፍኖ ይሰቀል፤ ላስቲክ ከረጢት እርጥበቱን አፍኖ ስለሚያስቀር አይሆንም። በክረምትም ፀሐይ በወጣች ቁጥር መስኮት ተከፍቶ ይናፈስ፤ የሻገተ ከተገኘም ከሌላው ተለይቶ፣ ደጅ ወጥቶ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግና ከዚያ በኋላ ይታጠብ።