የዶክተር ኪልዴርን ፊልሞች በምን ቅደም ተከተል መመልከት ይበጃል?

የፊልም ኩባንያው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1938 ካወጣው ይጀምሩ፤ ሊው አይረስ የሚጫወተው ወጣቱ ሐኪም ኪልዴር ከቁጡው ዶክተር ጊሌስፒ ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ነውና። ሌላው ኩባንያ ፓራማውንት በ1937 ያወጣው ፊልም በሌላ ተዋናይ የተሠራ ስለሆነ ለኋላ ቢቆይ አይጎዳም።

ሲመለከቱ ዓይንዎን ከጊሌስፒ ተሽከርካሪ ወንበር አይንቀሉ፤ ጊሌስፒን የሚጫወተው ላዮኔል ባሪሞር በእርግጥም መራመድ ተስኖት ስለነበር፣ ወንበሩን እያሽከረከረ ተለማማጁን ሐኪም ሲገሥጽ ፊቱ ላይ የሚነበበው እልህ የትወና ብቻ አይመስለኝም።

የ1941ዱን የሠርግ ፊልም ከቀደሙት አስቀድመው አይክፈቱ፤ የነርስ ሜሪ ላሞንት ሞት (ምስጢሩን ስላወጣሁ ይቅርታ) አንጀት የሚበላው ከኪልዴር ጋር የነበራትን ፍቅር ከ1939ኙ ፊልም ጀምሮ ለተከታተለ ተመልካች ነው።

አይረስ በ1942 ከተከታታዩ ሲወጣ፣ እስከ 1947 የተሠሩት ቀሪዎቹ ስድስት ፊልሞች ጊሌስፒን ዋና ባለታሪክ አድርገው ቀጥለዋል።