በትንሽ ቪዲዮ ካሜራ ጀርባው የደበዘዘ ምስል፦ የሌንስ አዳፕተር በእጅ እንዴት እንደሚሰራ

ትንንሽ ቪዲዮ ካሜራዎች ሁሉንም ነገር አጥርተው ያሳያሉ። ፊት ለፊት የቆመው ሰውም፣ ከኋላው የተንጠለጠለው ሽቦም እኩል ጎልቶ ይወጣል። ምክንያቱ የሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል፣ ማነስ ነው። የብዙዎቹ ሴንሰር ወርዱ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ፊልም ግን ምስሉ 36 በ24 ነው።

አዳፕተሩ ይህን ልዩነት በቀላል ዘዴ ያልፈዋል። የፎቶ ካሜራ ሌንስ ምስሉን ሻካራ መስታወት ላይ ይጥለዋል፤ ቪዲዮ ካሜራው ከኋላ ሆኖ መስታወቱን ይቀርጻል። ጀርባው የሚደበዝዘው እዚያው መስታወቱ ላይ ነው።

እኔ የምመርጠው አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) በእጅ የሚዞር የቆየ የኒኮን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ ሌንሱ ከካሜራ ሲወጣ የሌንሱ ኋላ ላይ የሚገጠመው ክዳን፣ የፒቪሲ ቱቦ፣ ባለ 52 ሚሊ ሜትር ዩቪ ፊልተር፣ +10 ክሎዝ አፕ ሌንስ (ካሜራው ቅርብ ነገር እንዲያጠራ ፊቱ ላይ የሚታሰር ማጉያ)፣ የስልክ ንዝረት ሞተርና ሁለት ባትሪ።

መጀመሪያ መስታወቱን አሻክሩ። የፊልተሩን መስታወት ከቀለበቱ አውጡ። ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ቁጥር 1000 የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱ። ከዚያ የፊልተሩን አንድ ፊት እያዞራችሁ ፈትጉት። ብርሃን ላይ ስታዩት አንድም ጥርት ያለ ቦታ መቅረት የለበትም። ዱቄቱ አይድረቅ፤ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። የክዳኑን መሃል ቆርጣችሁ አውጡና ቱቦው ጫፍ ላይ ለጥፉት። በኒኮን ሌንስ፣ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሻካራው ፊት ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሻካራው ፊት ወደ ሌንሱ ይዙር፤ ያኔ የመስታወቱ ውፍረት ልኩን አያዛባም። ቱቦውን መጀመሪያ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡት። ሌንሱን መጨረሻ የሌለው ርቀት (∞) ላይ አድርጋችሁ በጣም ሩቅ ወዳለ ነገር አነጣጥሩ። ምስሉ መስታወቱ ላይ ካልጠራ የቱቦውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ሙረዱና እንደገና ሞክሩ። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የኔ የመጀመሪያው ቱቦ ሁለት ቀን ወስዶብኛል፤ ግን ልኩ ሲመጣ ምስሉ ባንዴ ቁልጭ ይላል። የቱቦውን ውስጥ በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀቡት።

መስታወቱ ዝም ብሎ ከቆመ ቅንጣቶቹ እንደ ቆሻሻ ቪዲዮው ላይ ይታያሉ። ስለዚህ በቀጫጭን ላስቲኮች አንጠልጥሉትና ሞተሩን ጠርዙ ላይ ለጥፉ። ንዝረቱ ወደ ጎንና ወደ ላይ ይሁን። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ፎከሱ ይጠፋል። ሞተሩ ቱቦውን እንዳይነካ። ድምፁ ማይክሮፎን ውስጥ ስለሚገባ ድምፅ ለብቻው ቅረጹ።

ክሎዝ አፑን ቪዲዮ ካሜራው ላይ አስገቡ። +10 የሆነው ከመስታወቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያጠራል፤ በመስታወቱና በቪዲዮ ካሜራው መሃል የሚገባውን የኋላውን ቱቦ በዚህ ልክ ቁረጡ። ባለ ሁለት መስታወቱ አክሮማት ከተገኘ ይሻላል፤ ጠርዝ ላይ የሚፈጠረውን የቀለም ጥላ ይቀንሳል። የካሜራውን አውቶ ፎከስ አጥፉ። መስታወቱ ፍሬሙን እስኪሞላ ዙም አድርጉ፣ የመስታወቱን ቅንጣት አጥሩና አትንኩት። ከዚህ በኋላ ፎከስ የሚደረገው በፊተኛው ሌንስ ብቻ ነው።

አፐርቸሩን ከ1.8 እስከ 4 ባለው ውስጥ ያዙት። ከዚያ ካጠበባችሁት ቅንጣቱ ተመልሶ ይታያል። መስታወቱ ብርሃን ስለሚበላ ቤት ውስጥ ተጨማሪ መብራት ያስፈልጋል።

ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ኤዲት ስታደርጉ 180 ዲግሪ አዙሩት። ስትቀርጹ ግን ካሜራውን ወደ ቀኝ ስትወስዱት ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ከለመዳችሁት በተቃራኒው ይሄዳል። እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ በትራይፖድ ሥሩ።